ቴፑን ሳይነቅሉ አምፕ ማስገባት፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው መኪና?

ከመኪናው ጋር የመጣው ቴፕ ትንሽ ከፍ ሲደረግ ድምፁ ይሰነጠቃል። ከበሮ ሲመታ ስፒከሩ ይንጣጣል። መስኮት ከተከፈተማ ጭራሽ አይሰማም። ባሕር ዳር፣ ማርቆስ ወይም ቡሬ ያለ ባለመኪና ይህን ሲያማርር የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "አምፕ አስገባበት።" አምፕ የድምፁን ኃይል የሚያጎላ ዕቃ ነው፤ ምክሩም ጥሩ ነው። ግራ የሚያጋባው ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ ነው። አንዱ ሻጭ ኮንቨርተር ግዛ ይለዋል። ሌላው ቴፑን ጣለው ይለዋል። ሦስተኛው ከወንበር ሥር የምትገባ ቤዝ አውጥቶ ያሳየዋል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን የሚያስቡት ሌላ መኪና ነው።

እዚህ ብራንድ አላወዳድርም። ሰው ገንዘቡን ሲከስር የማየው የአምፑን ዋት ብቻ አይቶ ሲገዛ ነው። ድምፁ ከቴፑ በምን መንገድ ወጥቶ አምፑ ጋ እንደሚደርስ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ግን በትንሽ ገንዘብም ጥሩ ነገር ያገኛል። ንጽጽሩም በዚህ መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቴፑን እወቁት

ቴፑ ላይ "50 ዋት በ4" ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ያ ለቅጽበት የሚነካው ጣሪያ ነው። ሳያቋርጥ፣ ንጹሕ አድርጎ የሚሰጠው በአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። የምትሰሙት ስንጥቅጥቅ እሱ ነው። ውድ ስፒከር ብትገዙም ቴፑ ያው ከሆነ ብዙ ለውጥ አትጠብቁ።

ሁለተኛው ነገር ሽቦው ነው። በአብዛኞቹ ቴፖች ላይ ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች፣ ፖዘቲቩም ኔጋቲቩም፣ ሲግናል ይሸከማሉ። ቴፑ ሲበራ በሁለቱም ላይ ወደ 6 ቮልት የሚጠጋ ኃይል አለ። ስለዚህ የስፒከር ኔጋቲቭ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው መስመር) አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ "በራሱ ሞተ" የተባለ የአንድ ሚኒባስ ቴፕ ሲፈታ አይቻለሁ። ከኋላው ሐምራዊው ሽቦ፣ የግራ የፊት ስፒከር ኔጋቲቭ ማለት ነው፣ ከቡናማው የማሳ ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ሙቀት በልቶት ሙጫው ወጥቷል። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል የተደረገች አንዲት ጥምዝ ናት ቴፑን የገደለችው።

ብዙዎቹ ቶዮታዎች ተመሳሳይ ቀለም ይጠቀማሉ። የግራ የፊት ስፒከር ሮዝና ሐምራዊ፣ የቀኝ የፊት ቀላል አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። የግራ የኋላ ጥቁርና ቢጫ፣ የቀኝ የኋላ ቀይና ነጭ። ከጥንዶቹ መጀመሪያ የጻፍኩት ፖዘቲቩ ነው። ግራጫው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ያገኛል፤ ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለው ሁልጊዜ ኃይል አለው፤ ቡናማው ማሳ ነው። ግን ቀለሙን አምናችሁ አትቁረጡ። እዚህ ከሚነዱት ቪትዞች አንዳንዶቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። መሪው ሲዞር ሽቦውም ተቆርጦ ተቀጥሏል፤ የቀጠለው ሰው ያገኘውን ቀለም ነው የቀጠለበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሶኬቱን ከቴፑ ንቀሉት። የ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ለቅጽበት አስነኩ። "ጧ" ያለው ስፒከር የዚያ ሽቦ ነው። የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ሲግናሉ ሙሉ ነው ወይ የሚለው ነው። አንዳንድ የፋብሪካ ቴፖች ስፒከራቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ድምፅ በጨመረ ቁጥር ቤዙን ይቀንሳሉ። ለመለየት አንድ ከበሮ የበዛበት መዝሙር ወይም ዘፈን በዝቅተኛ ድምፅ ክፈቱና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከበሮው ከድምፃዊው ጋር እኩል እያደገ ከመጣ ቴፑ ሙሉ ነው። ድምፃዊው እየጮኸ ከበሮው ባለበት ከቀረ ቴፑ እየቆረጠባችሁ ነው። የተቆረጠውን ደግሞ ተራ አምፕ መልሶ አያመጣውም። እንዲያውም የጎደለውን አጉልቶ ነው የሚያሰማችሁ። ይህች የሁለት ደቂቃ ሙከራ ከገበያ በፊት ካልተደረገች የቀረው ሁሉ ግምት ነው።

ቀጥሎ የሚታየው መኪናው ስንት ሽቦ እንደሚቆረጥበትና ሲሸጥ ወደ ነበረበት መመለስ መቻሉ ነው። ከዚያ አምፑ በምን ምልክት በርቶ እንደሚጠፋ ይታያል፤ የፋብሪካ ቴፖች ብዙ ጊዜ ለአምፕ ማብሪያ የሚሆን ሽቦ የላቸውም። ከዚያ ጫጫታ፦ ሞተር ሲነሳ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ የመግባት ዕድሉ ምን ያህል ነው? በመጨረሻ ወጪ። ወጪ ስል አምፑን ብቻ አይደለም፤ ገመዱን፣ ፊውዙንና የባለሙያውን እጅ ጨምሬ ነው።

ተራ ኮንቨርተር

የስፒከሩን ሽቦ ተቀብሎ ወደ ቀይና ነጭ አርሲኤ (ድምፅ ወደ አምፕ የሚያስገባው ክብ መሰኪያ) የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ነው። ኃይል አይፈልግም፤ ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመር አለ። ዋጋው ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ትራንስፎርመሩ ቴፑንና አምፑን ስለሚለያያቸው ፉጨት ይቀንሳል። ያው ትራንስፎርመር ግን ትንሽ ከሆነ ዝቅተኛውን ቤዝ አያሳልፍም። ለሳብውፈር፣ ማለትም ቤዝ ብቻ ለሚያወጣ ስፒከር፣ ብላችሁ ገዝታችሁት ከበሮው ከሳሳ ምክንያቱ ይህ ነው። ለፊትና ለኋላ ስፒከሮች ብቻ ከሆነ ያገለግላል። የአምፕ ማብሪያም አይሰጥም፤ ቁልፍ ሲዞር ከሚበራ መስመር በፊውዝ መሳብ አለባችሁ።

ባለኃይል ኮንቨርተር

ይህኛው 12 ቮልትና ማሳ ይፈልጋል። ጠንከር ያለና ሙሉ ቤዝ ያለው ሲግናል ያወጣል። አብዛኞቹ ቴፑ ድምፅ ሲሰጥ አውቀው የአምፑን ማብሪያ 12 ቮልት ይልካሉ። አምፕ ቀድሞ ላለው ሰው፣ አምፑም የአርሲኤ መግቢያ ብቻ ከሆነ፣ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። አምፕ ገና ለሚገዛ ሰው ግን የሚቀጥለውን ያንብብ።

የስፒከር ሽቦ በቀጥታ የሚቀበል አምፕ

በጎጃም መንገድ ላይ ለሚነዱት አብዛኞቹ መኪኖች እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከአምፑ ጎን አራት ወይም ስምንት ሽቦ የሚገባበት ሶኬት አለ፤ የስፒከሩ ሽቦ በቀጥታ እዚያ ይገባል። መሀል ላይ የሚበላሽ ሳጥን የለም። ብዙዎቹ ያንን የ6 ቮልት ምልክት አይተው ራሳቸው ይበራሉ፤ ቴፑ ሲጠፋ ይጠፋሉ። ማብሪያ ሽቦ ፍለጋ ዳሽቦርድ መፍታት ቀረ ማለት ነው።

ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የስፒከር መግቢያው ለፊትም ለኋላም ነው ወይስ ለሁለት ስፒከር ብቻ? ሁለተኛ፣ ራሱን የሚያበራው በስፒከር ሽቦ ነው ወይስ ማብሪያ ሽቦ ይፈልጋል? ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ሳይሆን አምፑን አገላብጣችሁ ሶኬቱን እዩ።

ዋቱንም ከካርቶኑ አትቀበሉ። የአምፑን ፊውዝ ቁጠሩ። "3000 ዋት" የተባለ አምፕ ላይ አንድ የ30 አምፔር ፊውዝ ብቻ ካያችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው። 30 ሲባዛ በ13.8 ቮልት 414 ዋት ነው፤ ከባትሪ ሊስበው የሚችለው ይህን ነው። ክላስ የአምፑ የአሠራር ዓይነት ነው፤ ክላስ ዲ ከሆነ ከዚህ 80 በመቶውን፣ ክላስ ኤቢ ከሆነ ግማሹን ወይም ትንሽ ከግማሽ በላይ ወደ ድምፅ ይቀይራል። የቀረው ሙቀት ነው። ስለዚህ ያ "3000" ከ200 እስከ 330 ዋት መካከል የሆነ ነገር ነው። መጥፎ አምፕ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ የ3000 ዋት ዋጋ ግን አይከፈልበትም።

ዲኤስፒ ያለው አምፕ

ከላይ በነገርኳችሁ ሙከራ ከበሮው የቀረባችሁ ሰዎች መፍትሔያችሁ እዚህ ነው። ዲኤስፒ ድምፅን በዲጂታል መንገድ የሚያስተካክል መሣሪያ ነው፤ ፋብሪካው ያዛባውን ሚዛን ያስተካክላል። የራሳቸው የፋብሪካ አምፕ ያላቸው፣ ለምሳሌ አንዳንድ ላንድክሩዘሮች፣ ቀጭኑን ድምፅ ለትዊተር፣ ወፍራሙን ለበር ስፒከር ከፋፍለው ነው የሚልኩት። ዲኤስፒ የተከፋፈለውን መልሶ ይደምረዋል። ዋጋው ከሁሉም ይከብዳል። በስልክ ወይም በላፕቶፕ የሚያስተካክል፣ ጆሮ ያለው ባለሙያም ይፈልጋል። ባለሙያው ከሌለ ዕቃው ብቻውን ዋጋ የለውም።

ቴፑን መቀየር

አርሲኤ መውጫ ያለው አዲስ ቴፕ ሲግናሉን ከምንጩ ንጹሕ አድርጎ ይሰጣል። ሰማያዊና ነጭ የአምፕ ማብሪያ ሽቦውም አብሮ ይመጣል። በእኛ አገር ይህን ምርጫ የሚያስመርጥ ሌላም ምክንያት አለ። ከጃፓን ከመጡ መኪኖች ጋር ያሉ የቆዩ ቴፖች ኤፍኤም የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። የእኛ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከ90 በላይ ናቸው። ማውጫውም በጃፓንኛ ነው። እንዲህ ዓይነት ቴፕ ላይ ኮንቨርተርና ባንድ ኤክስፓንደር (ከ90 በላይ ያሉትን ጣቢያዎች ወደ ቴፑ ክልል የሚያወርድ ዕቃ) ከመደራረብ ቴፑን መቀየር ይሻላል።

አንድሮይድ የሚባሉት ባለትልቅ ስክሪኖች ላይ ግን ልብ በሉ። ስክሪን ትልቅ መሆኑ የድምፅ መውጫው ጥሩ መሆኑን አያሳይም። የአርሲኤ መውጫው ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቁ፤ 2 ቮልት ይበቃል፣ 4 ከሆነ ደስ ይላል። መሪው ላይ የድምፅ ቁልፍ ካለም አዲሱ ቴፕ ከእሱ ጋር መሥራቱን ከፍላችሁ ሳትወጡ አረጋግጡ።

ከወንበር ሥር የምትገባ ሳብውፈር

አምፕና ስፒከር በአንድ ቀጭን ሳጥን። ቦታ አትይዝም፣ የስፒከር ሽቦ ትቀበላለች፣ በግማሽ ቀን ትገባለች። ለቪትዝና ለኮሮላ ቤዝ መሙያ ጥሩ ናት። ሚኒባስ አትሞላም። የበሮቹን ስፒከሮች ስንጥቅጥቅም አታስቀርም፤ እነሱ አሁንም በቴፑ ኃይል ነው የሚሠሩት።

| ምርጫ | የቤዝ ሙላት | ሽቦ መቁረጥ | አምፕ ማብሪያ | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራ ኮንቨርተር | ይቀንሳል | ጥቂት | ለብቻ ይሳባል | ዝቅተኛ | ለበር ስፒከር ብቻ |
| ባለኃይል ኮንቨርተር | ሙሉ | ጥቂት | ብዙዎቹ ይሰጣሉ | መካከለኛ | አምፕ ቀድሞ ላለው |
| የስፒከር ሽቦ የሚቀበል አምፕ | ሙሉ | ጥቂት | ብዙዎቹ ራሳቸው ይበራሉ | መካከለኛ | ለአብዛኛው ሰው |
| ዲኤስፒ ያለው አምፕ | ሙሉ፣ የተስተካከለ | ጥቂት | ብዙዎቹ ራሳቸው ይበራሉ | ከፍተኛ | ቴፑ ቤዝ ለሚቆርጥበት |
| ቴፑን መቀየር | ሙሉ | በሶኬት ከሆነ የለም | ከቴፑ ይወጣል | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ፣ አምፑ ሳይቆጠር | የጃፓን ኤፍኤም ላለው |
| ከወንበር ሥር ሳብውፈር | ለትንሽ መኪና በቂ | ጥቂት | ብዙዎቹ ራሳቸው ይበራሉ | መካከለኛ | ቦታ ለሌለው |

የመኪናችሁን ሶኬት የሚገጥም መሀል የሚገባ ሶኬት ካገኛችሁ፣ የትኛውንም ብትመርጡ የመኪናውን ሽቦ ጨርሶ መቁረጥ አያስፈልግም። መኪናውን የሚገዛችሁ ሰው ያመሰግናችኋል።

ገመድ፣ ፊውዝና ማሳ

በጀት ሲያጥር ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ገመዱን ነው። እኔ ደግሞ አምፑን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ገመዱን አትንኩ እላለሁ። በካርቶን የሚሸጡ የአምፕ ገመዶች ብዙዎቹ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ናቸው። ኃይል የማስተላለፍ አቅማቸው ከንጹሕ መዳብ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ከሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ክብደቱም ይናገራል።

ከባትሪ እስከ መኪናው ኋላ 5 ሜትር ገደማ ቢሆን፣ እስከ 40 አምፔር ለሚስብ አምፕ ባለ 10 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) መዳብ ይበቃል። እስከ 80 አምፔር ለሚስብ ባለ 25 ካሬ። ለቤት የሚዘረጋውን ደረቅ ባለአንድ ዘንግ ሽቦ ግን አታስገቡ። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ያንን ሽቦ በንዝረት ይሰብረዋል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ለስላሳ ኬብል ይሁን።

ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ይቀመጣል። ይህ ምርጫ የለውም። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ኮፈን ሥር ብረት ላይ ተፋፍቶ ማሳ ቢነካና መሀል ላይ ፊውዝ ባይኖር መኪናው ይቃጠላል። ብረት በስቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይም የጎማ ቀለበት ይግባበት።

ማሳው አጭር ይሁን፤ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቃችሁ በብሎን እሰሩ። የወንበር ቀበቶ ብሎን ላይ ግን አትሰሩ። የሲግናሉ ገመድ በአንዱ ጎን፣ የኃይሉ ገመድ በሌላው ጎን ይሂድ። ፉጨት ይገባል እያሉ ከሚያማርሩት ብዙዎቹ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ይድናሉ።

አምፑ የሚቀመጥበትንም አስቡ። ደጀን ላይ ቀዝቃዛ አየር የለመደ አምፕ አባይ በረሃ ሲወርድ፣ በተለይ ከጨርቅ ሥር ታፍኖ ከሆነ፣ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል። ሚኒባስ ላይ ወለሉ ላይ አታስቀምጡት። ክረምት የተሳፋሪ ጭቃ ይገባበታል፤ በበጋ የጤፍ ጆንያ ይደገፍበታል። ከወለሉ በጣውላ ከፍ አድርጋችሁ አየር እንዲያገኝ ተውለት።

ድምፁን ማስተካከል

ጌይን የሚባለው ቁልፍ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ አምፑን ከቴፑ ጋር ማመጣጠኛ ነው። ቴፑን ሳይሰነጠቅ የሚሄድበት ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት አራተኛው ላይ፣ አድርሱት። ከዚያ ጌይኑን ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ አድርጉ። ለሳብውፈር ቴስተር ካለ የስፒከሩን ሽቦ ከአምፑ ፈትታችሁ 50 ኸርዝ የሆነ የመሞከሪያ ድምፅ አጫውቱ። ለ100 ዋት በ4 ኦም 20 ቮልት ኤሲ፣ ለ50 ዋት ደግሞ 14 ቮልት ሲሆን አቁሙ። ለሌላ ቁጥር ዋቱን በኦሙ አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ።

በጆሮ የምትሞክሩ ከሆነ በበገና አትሞክሩ። በገና እንዚራው ከአውታሩ ጋር የሚያወጣው የራሱ ንዝረት አለው፤ የአምፑ መሰንጠቅ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ዋሽንት ወይም ብቻውን የሚዘምር የሰው ድምፅ ውሰዱ። ትንሽ ስንጥቅ ካለ ወዲያው ይሰማል።

ለማን የትኛው?

ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያለው፣ በጀቱ አነስተኛ የሆነ ሰው የስፒከር ሽቦ የሚቀበል ባለ4 ቻናል (አራት ስፒከር ለየብቻ የሚነዳ) ትንሽ አምፕ ያስገባ። ቤዝ ብቻ የጎደለው ከሆነ ከወንበር ሥር የምትገባዋ ትበቃዋለች። ቴፑ የጃፓን ኤፍኤም ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ ቴፑ ላይ ያውለው፤ አምፑ ሌላ ጊዜ ይመጣል።

ሚኒባስ ላይ ፊት ያለው ሾፌር ጆሮው እየደነቆረ የኋላ ተሳፋሪ አይሰማም። ስለዚህ ከዋት ይልቅ የስፒከር ቁጥርና ቦታ ይቀድማል። አራት መካከለኛ ስፒከር በአንድ ባለ4 ቻናል አምፕ፣ ከፊት እስከ ኋላ ተከፋፍለው፣ ከአንድ ትልቅ ቤዝ ይበልጣሉ።

ባጃጅ ላይ ትልቅ አምፕ አይግባ። ኃይል ማመንጫው ትንሽ ነው፤ ማታ በመብራት ሲሠራ ባትሪው ይወድቃል።

ኤንፒአርና ቅጥቅጥ ላይ ኃይሉ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ። ብዙ ሰው 12 ቮልት ለማግኘት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይስባል። ያኛው ባትሪ ሁልጊዜ እየጎደለ ይሄዳል፤ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ግዙ። አምፔሩ ከአምፑ ፊውዝ ማነስ የለበትም።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባሕር ዳርም መታየት ጀምረዋል። እነሱ ላይ ቴፑን መቀየር የሚታሰብ አይደለም፤ ስክሪኑ ራሱ የመኪናው መቆጣጠሪያ ነው። የቀረው መንገድ የስፒከር ሽቦ የሚቀበል አምፕ ወይም ዲኤስፒ ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ስፒከሩ ከሽቦው ሲነቀል ያውቁና ድምፁን ይዘጋሉ፤ ለዚያ የሚሆን ሬዚስተር ያለው አምፕ ጠይቁ። ኃይሉን ከትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ሳቡ። አምፑም ክላስ ዲና አነስ ያለ ይሁን። የመኪናው ዋስትና ገና ከሆነ ሽቦ ከመነካቱ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ። ብርቱካናማ ልባስ ያለውን ገመድ ግን ማንም እንዳይነካ፤ እሱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው፣ ሰው ይገድላል።